ሻማ ያጠፋው ትንፋሽ

ኤፕሪል 1930 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር አባላት አትላንታ ከተማ ለጉባኤ ተሰብስበዋል። መድረኩን የያዘው ቶማስ ሚጅሊ የተባለ የ40 ዓመት መሐንዲስ ነው። ከፊቱ የቀረበለትን ቀለም የለሽ ጋዝ በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳበ፤ በሳንባው ጥቂት አቆየና ወደምትነድ ሻማ ቀስ አድርጎ ተነፈሰ። ሻማዋ ጠፋች። ሰውየው አልወደቀም፤ አላሳለም። አንድ ቃል ሳይናገር ሁለት ነገር አስረዳ፤ ጋዙ አይነድም፣ ጋዙ አይመርዝም።

ያ ጋዝ በኋላ ዓለም ሁሉ “ፍሪዮን” እያለ የጠራው ነው። የኬሚካል ስሙ ዳይክሎሮዳይፍሎሮሜቴን፣ የሙያተኞች መጠሪያው አር-12 ነው። በአዳራሹ የታየው ሁሉ እውነት ነበር። ነገር ግን ትርኢት የሚመልሰው የተጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የሚጠየቀው ጥያቄ በወጥ ቤት ውስጥ ስለሚሞቱ ሰዎች ነበር።

በ1920ዎቹ የነበረ ፍሪጅ ደፋር ሰው የሚገዛው ዕቃ ነበር ማለት ይቻላል። በሆዱ በብዛት የሚዞሩት ጋዞች ሦስት ነበሩ። አሞኒያ በማቀዝቀዝ ችሎታው ወደር የለውም፤ ግን ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ መዳብ ይበላል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲያመልጥ የቤቱን ሰው ሁሉ እያሳለ ወደ ደጅ ያስወጣል፤ ክፉ ሽታው ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው፣ ሜቲል ክሎራይድ ነበር። ሽታው ለስለስ ያለና ጣፋጭ ስለሆነ ሰው ሳይነቃበት ተኝቶ ይስበዋል። በቺካጎ የመኖሪያ ሕንጻዎች ከፍሪጅ ባመለጠ ሜቲል ክሎራይድ ሰዎች መሞታቸውን የከተማዋ ሐኪሞች በ1929 በሕክምና መጽሔት ጽፈው አሳወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም። በሜይ 1929 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ከመቶ በላይ ሰዎች የሞቱበትን አደጋ ከፍሪጅ ጋዝ ጋር የሚያያይዙ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ገዳዩ ግን የራጅ ፊልም ነው፤ ከናይትሮሴሉሎስ የተሠራው ፊልም ተቃጥሎ የለቀቀው መርዘኛ ጭስ ነበር። የፍሪዮን ታሪክ ያለ እርሱም በቂ ሬሳ አለው።

የፍሪጅ ነገር ያስጨነቀው መሐንዲሶችን ብቻ አልነበረም። በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ በወጣ ጋዝ ማለቁን በጋዜጣ ያነበበው አልበርት አይንስታይን፣ ከወጣቱ ፊዚሲስት ሊዮ ሲላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ ስለዚህም በመጋጠሚያ የማያስተነፍስ ማቀዝቀዣ ሊሠራ ተነሣ። የአሜሪካ ፓተንታቸው ኖቬምበር 11 ቀን 1930 ተሰጣቸው። ፍሪዮን ያን ዓመት ቀድሟቸው ብቅ ስላለ የእነርሱ ፍሪጅ ገበያ አልወጣም። አይንስታይን ማሽኑን ሊለውጥ ሲደክም ሚጅሊ ማሽኑን ትቶ ጋዙን ለወጠ።

ትእዛዙ የመጣው የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ኃላፊ ከነበረው ከቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ኩባንያው የፍሪጂዴር ፍሪጅ ባለቤት ስለነበር፣ ደንበኞቹን የማይገድል ጋዝ ያስፈልገው ነበር። በ1928 ሚጅሊ፣ አልበርት ሄኔና ሮበርት ማክናሪ ኦሃዮ ግዛት ዴይተን ውስጥ ፔሪዮዲክ ሠንጠረዡን ዘርግተው ተቀመጡ። በቀላሉ ወደ ጋዝነት የሚለወጡ ውሁዶችን የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች በሠንጠረዡ የቀኝ ጠርዝ ተሰብስበዋል። ከግራ ወደ ቀኝ በሄድህ ቁጥር የመንደድ ጠባይ ይቀንሳል፤ ከታች ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር መርዝነት ይቀንሳል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ፍሎሪን ላይ ሆነ፤ ለብቻው ሲሆን ኬሚስትን የሚያስፈራ፣ ሥጋና ብርጭቆ የሚበላ ንጥረ ነገር ላይ! ወደዚያ ያመላከታቸውም በከፊል የተሳሳተ መረጃ ነበር። የካርቦን ቴትራፍሎራይድ የመፍላት ነጥብ በታወቀ የማጣቀሻ መጽሐፍ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ተብሎ ታትሞ አገኙት፤ ትክክለኛው ከዜሮ በታች 128 ነው።

የመጀመሪያውን ናሙና ለመሥራት አንቲሞኒ ትራይፍሎራይድ የተባለ ጨው ያስፈልግ ነበርና፣ እያንዳንዳቸው 1 አውንስ የያዙ አምስት ጠርሙሶች ገዙ። ከአንዱ ጠርሙስ በተሠራው ጋዝ ውስጥ አንዲት ጊኒ ፒግ አስገቡ። ምንም አልሆነችም። ሁለተኛውን ጠርሙስ ከፍተው ሙከራውን ሲደግሙ እንስሳዋ ሞተች። ለካስ ከአምስቱ አራቱ ጠርሙሶች እርጥበት ባለው ሌላ ጨው የተበከሉ ኖረዋል፤ ከእነርሱ የተሠራው ጋዝ ፎስጂን ይዞ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን የፈጀው ያው ፎስጂን። ንጹሑ ጠርሙስ በአጋጣሚ መጀመሪያ ተነሣ። ሌላው ቀድሞ ቢነሣ ኖሮ ሥራውን እዚያው እንተወው ነበር ብሎ ሚጅሊ ራሱ ኋላ ላይ ተርኮታል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የጋዝ ቤተሰብ መጀመሪያ የሠራው ሚጅሊ አይደለም። ቤልጂየማዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ስዋርትስ ከእነርሱ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ የዚህን ኬሚስትሪ መንገድ ጠርጎ ነበር፤ ጥቅም ፈላጊ ስላልመጣለት ሥራው መጽሔት ውስጥ ቀረ።

አር-12 ለፍሪጅ የተፈጠረ የሚመስለው በጠባዩ ነው። በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ያሞቀዋል፤ ከፍሪጁ ጀርባ ባለው ጥቁር ፍርግርግ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያ እንደ ክር በቀጠነች የመዳብ ቱቦ ተጎትቶ ወደ በረዶ ቤቱ ሲገባ ግፊቱ ይወድቃል፣ ይፈላል፣ ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ከሥጋውና ከወተቱ ይነጥቃል። በ30 ዲግሪ ሙቀት አር-12ን ፈሳሽ ለማድረግ 7 ከግማሽ ባር የማይሞላ ግፊት ይበቃል፤ አሞኒያ 12 ባር ገደማ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀጭን ቱቦና ትንሽ ሞተር ይበቃሉ፤ መዳቡም አይበላም።

እዚህ ላይ ከፍሪጅ ጥገና ቤቶች የምንሰማውን “ጋዙ አልቋል” የሚል ቃል ማንሣት ይገባል። ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፣ አያልቅም። ያው አንድ ሙሌት ሃያና ሠላሳ ዓመት እየዞረ መሥራት አለበት። ጎደለ ማለት አንድ ቦታ ተበስቷል ማለት ነውና፣ ቀዳዳውን ሳይደፍን የሚሞላ ባለሙያ ገንዘብህን ወደ አየር ለቀቀልህ።

በኦገስት 1930 ጄኔራል ሞተርስና የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት ጋዙን የሚያመርት ኪነቲክ ኬሚካልስ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ከዚያ ወዲያ ፍሪዮን ፍሪጅ ውስጥ ብቻ አልተቀመጠም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወባ አስተላላፊ ትንኝን የሚገድለውን መድኃኒት ከቆርቆሮ ገፍቶ የሚያወጣው እርሱ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ያ ቆርቆሮ የፀጉር ስፕሬይና ዲዮዶራንት ሆኖ ተሸጠ። ከ1956 ጀምሮ የአስም ሕሙማን መድኃኒታቸውን ወደ ሳንባቸው የሚስቡት በዚሁ የጋዝ ቤተሰብ ግፊት ነበር። ሚጅሊ በመድረክ ያደረገውን ሚሊዮኖች በየቀኑ አደረጉት፤ ምንም አልሆኑም።

ይሁን እንጂ ሚጅሊ መድረክ ላይ ሲተነፍስ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ቴትራኢቲል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውሁድ ቤንዚን ውስጥ እንዲጨመር ያደረገውም እርሱ ነው። በኦክቶበር 1924 ኒው ጀርሲ ባለ ፋብሪካ ሠራተኞች በዚያ መርዝ አብደው ሲሞቱ፣ ሚጅሊ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ እጁን በፈሳሹ ታጠበበት፤ አሸተተውም። እርሱ ራሱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በእርሳስ መመረዝ ታሞ ሥራ አቁሞ አርፎ ነበር። ሁለቱን ትርኢቶች እንደ አንድ የሚቆጥሩ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። በእርሳሱ ጊዜ የሚያውቀውን ደብቋል። በፍሪዮኑ ጊዜ የሚያውቀውን ሁሉ አሳይቷል፤ ያላሳየው ማንም ገና ያላሰበውን ነው። ፖሊዮ አካሉን ካሰረው በኋላ ራሱን ከአልጋ ለማንሣት በሠራው የገመድ መሣሪያ ታንቆ በ1944 ስለሞተ፣ የጋዙን መጨረሻ አላየም።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት፣ ሻማዋ ስትጠፋ በአዳራሹ ማንም ያላጤነው ሌላ ትምህርት ነበረ። እሳት የሚጠፋበት አየር ለሰውም ያሰጋል። አር-12 ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ በብዛት ሲያመልጥ ወለሉን ይዞ ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ መርከብ ታችኛው ክፍል ይወርዳል፤ አየሩን ገፍቶ በቦታው ይተኛል። ሽታው እጅግ ደካማ ስለሆነ የገባበት ሰው የሚሰማው ማዞር ብቻ ነው፤ ከዚያ ይወድቃል። ሊያወጣው ተከትሎት የሚገባው ጓደኛም ብዙ ጊዜ አብሮት ይቀራል።

ሁለተኛው አደጋ ልብ ላይ ነው። ጋዙ በብዛት ሲሳብ ልብን ለአድሬናሊን ስሱ ያደርገዋል፤ በዚያ ቅጽበት የሚደነግጥ ወይም የሚሮጥ ሰው የልብ ምቱ ተዛብቶ ሊቆም ይችላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ወጣቶች ስፕሬይ በከረጢት ነፍተው ለስካር ሲስቡ፣ ጤነኛ ልጆች ድንገት እየሮጡ ወድቀው ሞቱ፤ በ1970 ጉዳዩ በሕክምና መጽሔት በሰፊው ተጻፈ። በዚህ ጋዝ ለተጎዳ ሰው ሐኪም አድሬናሊን ለመስጠት የሚያመነታውም ስለዚህ ነው። ሦስተኛው፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ወይም ዓይን ላይ ሲረጭ በቅጽበት አቀዝቅዞ ሥጋን ይገድላል።

አራተኛው የጥገና ሠራተኛ አደጋ ነው። አር-12 ራሱ አይነድም፤ ግን በነበልባል ወይም በጋለ ብረት ላይ ሲያልፍ ይፈራርሳል። የሚወጡት ሃይድሮጅን ክሎራይድ፣ ሃይድሮጅን ፍሎራይድና ጥቂት ፎስጂን ናቸው። ጊኒ ፒጓን የገደለው ፎስጂን በችቦ እንደገና ይወለዳል ማለት ነው። የሚገርመው፣ ድሮ ቀዳዳ የሚፈለገው በዚሁ ጠባይ ነበር። ባለሙያው መዳብ ያለበት ትንሽ መብራት ይዞ በቱቦው ላይ ይዞራል፤ ጋዝ ካለ ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ እርሱም የነበልባሉን ጢስ እየሳበ ይሠራል። ቱቦ ለመበየድ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ጋዙን በመሰብሰቢያ ሲሊንደር ማውጣት፣ መስኮት መክፈት አለበት።

የጋዙን መጨረሻ ያመጣው የሰማዩ ጉዳት ግን የመነጨው ከእርጋታው፣ በቀላሉ ካለመፈራረሱ ነው። ዝናብ አያጥበውም፣ አፈር አይውጠውም፤ በአየር ውስጥ መቶ ዓመት ገደማ ይቆያል። ብሪታኒያዊው ጄምስ ላቭሎክ በ1971 እና በ1972 በመርከብ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ የዚህን ቤተሰብ ጋዝ ማንም ባልኖረበት ውቅያኖስ ላይ ሁሉ አገኘው፤ ጉዳት አለው ብሎ ግን አላሰበም። ጉዳቱን ያሰሉት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የነበሩት ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ ናቸው። በጁን 1974 እንደጻፉት፣ ጋዙ ሳይነካ እስከ ላይኛው ከባቢ አየር ይወጣል፤ እዚያ የፀሐይ ኃይለኛ ጨረር ሲሰብረው ክሎሪን ይለቃል፤ ክሎሪኑም ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን ኦዞን የተባለ ጋዝ እያፈረሰ ራሱ ሳያልቅ ይቀጥላል። አምራቾች ለዓመታት ተከራከሩ። በሜይ 1985 ተመራማሪዎቹ ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን በአንታርክቲካ ሃሌይ ጣቢያ ከመሬት የለኩትን አሳተሙ፤ በየፀደዩ ኦዞኑ ማንም ባልገመተው መጠን እየሳሳ ነበር። ሞሊናና ሮውላንድ ከፖል ክሩትዘን ጋር በ1995 ኖቤል ተሸለሙ።

ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞችን ምርት የሚገታው ስምምነት፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987 ተፈረመ። ኢትዮጵያ በ1994 ገባችበት። ሀብታም አገሮች ምርቱን እስከ 1996 መግቢያ፣ ሌሎቻችን እስከ 2010 እንድናቆም ተወስኖ በአመዛኙ ተፈጸመ። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች የ2022 ግምገማ እንደሚለው በአንታርክቲካ ላይ ያለው ኦዞን ወደ 1980 ይዞታው የሚመለሰው በ2066 ገደማ ነው።

አር-12ን የተካው አር-134ኤ ክሎሪን ስለሌለው ኦዞንን አይነካም። ሙቀት አምቆ በመያዝ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ፣ በኦክቶበር 2016 ኪጋሊ ላይ እርሱም እንዲቀነስ አገሮች ተስማሙ። አሁን አዲስ የቤት ፍሪጅ ብትገዛ ብዙ ጊዜ ውስጡ አር-600ኤ፣ ማለትም አይሶቡቴን ነው፤ ከምግብ ማብሰያ ጋዝ ጋር አንድ ዘር፣ ሚጅሊ ከወጥ ቤት ሊያስወጣ የደከመው ዓይነት የሚነድ ጋዝ። በአንድ ፍሪጅ ውስጥ ያለው በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ብቻ ነው፤ ለተጠቃሚው አያሰጋም። በዝግ ክፍል ውስጥ ቱቦ ቆርጦ ችቦ ለሚለኩስ ሰው ግን ያ ይበቃል። በፍሪዮን ዘመን የሠለጠነ ባለሙያ ችቦውን ከማንሣቱ በፊት ኮምፕሬሰሩ ላይ ነበልባል የተሣለባት ቢጫ ሦስት ማዕዘን መኖር አለመኖሯን ማየት አለበት።