ማኅደርና ኀዳሪ

«ዳዊት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ የሚገኝበት መዝሙረ ዳዊት ብቻ አይደለም፤ ከመዝሙሩ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን በየተራቸው ተጽፈውበታል። ስለዚህ ከውዳሴ ማርያም አንድ ቃል ጠቅሶ በግርጌ ማስታወሻው «ዳዊት» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ተማሪ፣ እንግዳን እስከ ደጅ አድርሶ ወደ ቤት ሳያስገባ እንደሚመለስ መሪ ይቈጠራል።

የአሜሪካ የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ስምንተኛው የአጠቃቀስ መመሪያው፣ አንድ ምዕራፍ፣ ድርሰት ወይም ሥዕል በውስጡ የሚገኝበትን ትልቁን ሥራ «ኮንቴይነር» ብሎ ሰይሞታል። ይህ ስም በእኛ ዘንድ የመርከብን የብረት ሣጥን ስለሚያሳስብ፣ እኔ በፈንታው «ማኅደር» የሚለውን አቀርባለሁ፤ ኀደረ ካለው የግእዝ ግስ የወጣ፣ ማደሪያ ማለት የሆነ፣ ሊቃውንት የብራናውን መጽሐፍ ከተው በትከሻቸው የሚያነግቱትን የቆዳ ከረጢት የሚጠሩበት፣ በየመሥሪያ ቤቱም የባለ ጉዳይ ወረቀት የሚጠበቅበት ስም ነውና። በውስጡ የሚገኘውን ክፍል ደግሞ «ኀዳሪ» ብንለው ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ይሆናሉ።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2017 መባቻ ጀምሮ የግእዝ ትምህርት መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ስለ አገራችን ጥናት የሚጽፍ ተማሪ ይህ ልዩነት በየዕለቱ ያጋጥመዋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በ5 ጥራዞች የታተመውን ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካን ብንመለከት፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ደራሲ ስም አለው፤ ታዲያ ያንን ደራሲ ትቶ ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነውን የዚግበርት ኡሊግን ስም ብቻ መጥቀስ የአንዱን ድካም ለሌላው ማስረከብ ነው። አስቀድሞ የኀዳሪው ደራሲና አርእስት በትእምርተ ጥቅስ፣ ከዚያ ማኅደሩ በሰያፍ ፊደል፣ ቀጥሎም አዘጋጁ፣ ጥራዙ፣ ዓመቱና ገጹ ይጻፋል፤ የመጽሐፉ ገጽ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ስለ ሆነ ከገጹ ቍጥር አጠገብ «ሀ» ወይም «ለ» መጨመር ይገባል። ኢትዮጵያዊ ደራሲ ሲጠቀስም ስሙ አይገለበጥ፤ ታሪክ ጸሓፊው ታደሰ ታምራት የሚፈለጉት «ታደሰ» በሚለው በራሳቸው ስም እንጂ «ታምራት» በሚለው በአባታቸው ስም አይደለምና።

ማኅደርም በሌላ ማኅደር ሊያድር ይችላል። ማይክል ገርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ የኢትዮጵያን ሥዕሎች ሰብስበው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋሙት «መዝገበ ሥዕላት» ውስጥ አንድ የወንጌል ሥዕል ያየ ሰው፣ ሥዕሉን ኀዳሪ፣ ወንጌሉን ቀዳማዊ ማኅደር፣ መዝገቡን ዳግማዊ ማኅደር አድርጎ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጽፋል። ብራና የሚቈጠረው በቅጠል ስለ ሆነ፣ የቅጠሉ ቍጥር ከነፊቱ ወይም ከነጀርባው ከወንጌሉ ስም ቀጥሎ ይገባል እንጂ ከመዝገቡ ጋር አይደባለቅም።

የግርጌ ማስታወሻ የተጠቀሰችውን አንዲት ገጽ ሲያመለክት፣ ዋቢ መጻሕፍት ግን የኀዳሪውን መጀመሪያና መጨረሻ ገጽ ማሳየት ልማዱ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የቺካጎ የአጻጻፍ መመሪያ 18ኛ እትም ይህን ግዴታ ለመድበል ምዕራፎች አንሥቶታል። እኔ ግን ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ያለ መምህር አንድ ምዕራፍ ከቶሮንቶ ቤተ መጻሕፍት ተቀድቶ ይላክለት ዘንድ ሲለምን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ገጽ እንደ ሆነ ነው።