የፍንዳታው ዓመትና የሥዕሉ ዓመት፦ በናፖሊ የጓሽ ሥዕሎች የግርጌ ጽሑፍ ላይ

በአውሮፓ የሐራጅ ቤቶች ለሽያጭ ከሚቀርቡ አሮጌ የከተማ ሥዕሎች መካከል የናፖሊ የጓሽ ሥዕሎች በቀላሉ ይለያሉ። አብዛኞቹ ወረቀት ላይ የተሣሉ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ዙሪያቸውን ጥቁር ጠርዝ ይከባቸዋል፤ በግርጌያቸውም አጭር የጣሊያንኛ ጽሑፍ ይሰፍራል። ከባሕሩ ዳር ካስቴል ዴሎቮ፣ ከኮረብታው አናት ካስቴል ሳንቴልሞ፣ ከሁሉም ማዶ ደግሞ የቬሱቪዮ ተራራ ይታያል። ተመልካችን አስቀድሞ የሚስበው ተራራው የሚተፋው እሳትና በባሕሩ ላይ የምታበራው ጨረቃ ነው። ለቋንቋ አጥኚ ግን የግርጌዋ መስመር ታመዝናለች፤ ሥዕሉ መቼ ተሠራ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ ስለዚህም የሚጠየቀው ዋጋ፣ እርሷ በምትነበብበት መንገድ ሊለወጥ ይችላልና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጓሽ የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ጓዞ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ወስዶታል። ጓዞ የተጠራቀመ ውሃን፣ ኩሬን ያመለክታል፤ ሥሩም ወደ ላቲኑ የውሃ ስም ይመለሳል። ቀለሙ በውሃ ይበጠበጣል፣ በግራር ሙጫ ይያያዛል፤ ነጭ ስለሚቀላቀልበትም እንደ ተራ የውሃ ቀለም ብርሃን አያሳልፍም፣ ወረቀቱን ይሸፍናል እንጂ። ሙጫው በንግድ ዓለም የዐረብ ሙጫ ይባላል። ዛፉ ግን ከሴኔጋል አንሥቶ በሱዳን በኩል እስከ አፍሪካ ቀንድ የሚበቅል ግራር ነው፤ ስያሜው አብቃዩን ትቶ ነጋዴውን ተከትሏል። ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም በመሆኑም ለመንገደኛ ቶሎ ቶሎ እየተሠራ ለሚሸጥ ሥዕል ተስማሚ ነበር።

መንገደኛው በብዛት የመጣው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። የሄርኩላኔም ቁፋሮ በ1738፣ የፖምፔ ደግሞ በ1748 ከተጀመረ በኋላ ናፖሊ የሰሜን አውሮፓ ባለጸጎች ሳያዩዋት የማያልፉዋት ከተማ ሆነች። ከ1764 ጀምሮ በዚያ የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ዊልያም ሃሚልተን ስለ እሳተ ገሞራው የጻፈውን መጽሐፍ በ1776 በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ሲያሳትም፣ በእጅ ቀለም የተቀቡትን 54 ሥዕሎች ያዘጋጀለት ፒየትሮ ፋብሪስ ነበር። ከእርሱ በኋላ ሳቬሪዮ ዴላ ጋታ፣ ካሚሎ ዴ ቪቶና ጆአኪኖ ላ ፒራ በጓሽ ሥዕል ታውቀዋል። ሆኖም ከሐራጅ ጠረጴዛ ላይ ከሚወጡት ሥዕሎች ብዙዎቹ ፊርማ የላቸውም። በእነዚህ ላይ የሚነበበው ቃል የግርጌው መስመር ብቻ ነው።

ከግርጌ ጽሑፎች ሁሉ አሳሳች የሚሆነው ዓመት የያዘው ነው። በጁን 1794 ቬሱቪዮ ፈንድቶ የቀለጠው ድንጋይ ቶሬ ዴል ግሬኮ የተባለችውን ከተማ አጥፍቶ እስከ ባሕር ደረሰ። ይህን የሚያሳዩ ሥዕሎች በግርጌያቸው «ኤሩዚዮኔ ዴል 1794» የሚል ሊይዙ ይችላሉ። በሰዋስው ረገድ ነገሩ ግልጽ ነው፤ «ዴል» የሚያዛምደው ዓመቱን ከፍንዳታው ጋር እንጂ ከሥዕሉ ጋር አይደለም። ሥዕሉ በዚያው ወር፣ ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ከሌላ ሥዕል ተቀድቶ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ ስለዚህ ምንም አይናገርም። ሻጭ ግን በወረቀት ላይ የሰፈረን ቁጥር እንደ ልደት ቀን ማንበብ ይቀናዋል። ችግሩ በአማርኛም ይፈጠራል። «የ1794 የፍንዳታ ሥዕል» ሲባል የዓመቱ «የ» ሥዕሉንም ፍንዳታውንም ሊገልጽ ይችላል፤ «የ1794ቱ ፍንዳታ ሥዕል» ሲባል ግን ዓመቱ ከፍንዳታው ጋር ይታሰራል። አንዲት «ቱ» የ30 ዓመት ልዩነት ትሸከማለች ማለት ነው።

የቦታ ስሞች ከዓመቱ ይልቅ የሚታመኑ ይመስላሉ። በቤተ መንግሥቱ ፊት ያለው አደባባይ ላርጎ ዲ ፓላጾ ይባል ነበር፤ በ1860 ሕዝቡ ከጣሊያን መንግሥት ጋር ለመዋሐድ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ፒያጻ ዴል ፕሌቢሺቶ ተባለ። የቶሌዶ ጎዳና በ1870 ቪያ ሮማ ሆነ፤ በ1980 ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ስለዚህ ፕሌቢሺቶ የሚል የግርጌ ጽሑፍ የያዘ ሥዕል ጽሑፉ ራሱ ኋላ ካልተጨመረበት በቀር ከ1860 ወዲህ የተሠራ ነው። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። አዲስ ስም «ከዚህ ወዲህ» ይላል፤ አሮጌ ስም ግን «ከዚህ ወዲያ» አይልም። ሕዝብ አሮጌ ስምን በአዋጅ አይተውም፤ የአዲስ አበባ ነዋሪም ጣሊያን በ1941 ከወጣ በኋላ እስከ ዛሬ ፒያሳ ማለቱን አልተወም። ቀጂ ሠዓሊም ከፊቱ ያለውን ሥዕል ከነጽሑፉ ይገለብጣል። በባሕሩ ላይ የሚታይ የእንፋሎት መርከብ ጭስም እንዲሁ ነው፤ በናፖሊ የመጀመሪያው የእንፋሎት መርከብ በ1818 ስለተሠራ ጭሱ ካለ ሥዕሉ ከዚያ ወዲህ ነው፣ ጭሱ ከሌለ ግን ምንም አልተረጋገጠም። ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት የሚታየው የፋብሪካ ምልክት ነው። የእንግሊዝ ወረቀት ሠሪዎች በምልክታቸው ዓመት መጨመር ያዘወተሩት፣ እንዳጋጣሚ ሆኖ፣ ከዚያው ከ1794 ጀምሮ ነው፤ ምልክቱ 1816 የሚል ከሆነ የግርጌው ጽሑፍ ምንም ቢል ሥዕሉ ከዚያ አይቀድምም።

የሐራጅ ዝርዝሮች ይህን ጥርጣሬ የሚገልጹበት የተለመደ አነጋገር አላቸው። በጣሊያንኛው ዝርዝር «ፊርማቶ» ሲባል ፊርማው የሠዓሊው ነው ብሎ ቤቱ ያምናል፤ «ሬካ ፊርማ» ሲባል ግን ፊርማ አለበት እንጂ የማን እጅ እንደጻፈው ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም። በዚህ ረገድ ልብ ሊባል የሚገባው «ዳ» የሚለው መስተዋድድ ነው። በግርጌው ጽሑፍ «ናፖሊ ዳል ማሬ» ማለት ናፖሊ ከባሕር ስትታይ ማለት ነው፤ ተመልካቹ የቆመበትን ቦታ ያመለክታል። በሽያጭ ዝርዝሩ ግን ከሠዓሊ ስም በፊት የገባ «ዳ» ሥራው ከዚያ ሠዓሊ ሥዕል የተቀዳ መሆኑን ይናገራል። የአማርኛው «ከ» ሁለቱንም ይሸከማል፤ «ከባሕር የታየች» እና «ከእገሌ የተቀዳ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን አማርኛ ግሡን ካልጨመረ አይገባም፤ ጣሊያንኛው በዝምታ ያለፈውን «መቅዳት» አማርኛው በግልጽ ለመናገር ይገደዳል። ለገዢው ይህ መገደድ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም።

ፊርማ የሌላቸው ሥዕሎች «ስኩኦላ ናፖሌታና» በሚል ስያሜ ይሸጣሉ። ይህን «የናፖሊ ትምህርት ቤት» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ እነዚያ ሠዓልያን በአንድ ጣሪያ ሥር የተማሩ አይደሉምና። በአማርኛ የሚቀርበው ቃል ያለው በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ነው። በመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ሲባል «ቤት» ሕንፃውን ሳይሆን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚወርደውን ስልት ይጠራል፤ ስሙ ያልተመዘገበ ደቀ መዝሙርም የቤቱ ሰው ነው። «የናፖሊ ቤት፣ የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ፣ የ1794ቱን ፍንዳታ የሚያሳይ» ተብሎ ቢጻፍ ሠዓሊው ስም ባይኖረውም ቦታ ያገኛል፣ ገዢውም በቁጥሩ አይታለልም።