ሸክላና ሲዲ፤ የተቀዳ ድምፅ በኢትዮጵያ ቤት

ሙዚቃን በቤት ለማዳመጥ ሸክላ ይሻላል ወይስ ሲዲ የሚለው ክርክር በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ግማሾቹ የሸክላ ድምፅ ለዛ አለው ይላሉ፤ ግማሾቹም የሲዲን ጥራት ያስቀድማሉ። በአገራችን ግን ሁለቱ ዕቃዎች ገበያውን በአንድ ዘመን ይዘው አልተፎካከሩም። ሸክላ ከታተመበት የመጨረሻው ዓመት አንሥቶ ሲዲ እስከ ተለመደበት ዘመን ድረስ በመካከላቸው የካሴት ዘመን አልፏል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሁለቱን ማነጻጸር የትኛው ለጆሮ ይጥማል ብሎ መጠየቅ ብቻ አይደለም፤ የማን ድምፅ ለልጅ ልጅ ተላለፈ፥ የማንስ ቀረ ብሎ መጠየቅም ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው ይገንዘብልን።

ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማው ፎኖግራፍ በቶማስ ኤዲሰን እጅ በ1877 ከተሠራ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ለመድረስ 21 ዓመት ብቻ ፈጀበት። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ቃላቸውን በሰም ሲሊንደር አስቀርጸው ላኩ፤ በተከታዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በዚያው መሣሪያ መልሳቸውን ሰጡ። ከዚህም ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ1908 ገደማ፥ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀዱ፤ ይህም የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ የተቀዳበት የመጀመሪያው ጊዜ ሆኖ ይቈጠራል። በዚያን ዘመን ገና የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለዚህ ሥራ አልዋለም፤ ዘፋኙ የሚዘፍነው መለከት በሚመስል ቀንድ ፊት ቆሞ ነበር።

የዚያ ዘመን ዲስክ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል፥ በህንድ አገር ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ ስለ ነበረ ቢወድቅ ይሰበራል። ሸክላ የሚለው የአማርኛ ስም ከዚህ ጠባዩም፥ ከሼላክ ድምፅም ጋር ይስማማል። በኋላ ከፕላስቲክ የተሠራውና በቀላሉ የማይሰበረው ዲስክም ስሙን እንደ ያዘ ቀርቷል። ባለ 10 ኢንቹ የሼላክ ዲስክ በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል እየዞረ በአንድ ገጽ 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝ ነበር። በ1948 ባለ 33 ዙሩ ረጅም ሸክላ፥ በ1949 ደግሞ ባለ 45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ በአሜሪካ ወጡ።

በኢትዮጵያ በ1948 በወጣው ትእዛዝ መሠረት ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን ክልከላ ተዳፍረው በራሳቸው ስም ሸክላ ማሳተም ጀመሩ፤ ካይፋንና ፊሊፕስን የመሳሰሉ አሳታሚዎችም በዚያው ዘመን ይሠሩ ነበር። ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ያህል ረጃጅም ሸክላዎች ታትመዋል። አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ባንዶች የታጀቡ፥ በአማርኛ የተዘፈኑ ነበሩ፤ የደቡብ ሕዝቦች ቋንቋዎች ድርሻ ግን እጅግ ጥቂት ነበረ።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ጠባይ እንመለስ። በሸክላ ላይ ድምፁ በቦይ ተቀርጾ በመርፌ ይነበባል፤ መርፌው ባለፈ ቍጥር ቦዩን በጥቂቱ ይፍቀዋል፤ ስለዚህ የተወደደ ሸክላ በመወደዱ ያረጃል። ወፍራሙ ድምፅ ቦዩን እንዳያሰፋው ሲቀረጽ ይቀነሳል፥ ሲሰማም በማጫወቻው ይመለሳል። ወደ መካከሉ በተጠጋ መጠን ቦዩ በመርፌው ሥር የሚያልፍበት ፍጥነት ስለሚያንስ የገጹ መጨረሻ ጥራት ይጐድለዋል። በ1982 ፊሊፕስና ሶኒ ለገበያ ያቀረቡት ሲዲ ግን ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ በቍጥር ይጽፈዋል፤ የሚያነበውም ብርሃን ስለ ሆነ በመጫወቱ አይፋቅም። ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 74 ደቂቃ ያህል ይይዛል። በልክና በጥራት ብቻ ከመዘንን ሲዲ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ሲዲ የሚያሰማው የተሰጠውን ብቻ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፓሪስ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ሥራ የሸክላውን ዘመን ለዓለም አሰማ፤ በ27ኛው ቍጥሩም የተሰማ እሸቴን ዘፈኖች አቀረበ። እነዚህን ለማሳተም መነሻ የሆኑት ከመቶ ዓመት የተረፉት አሮጌ ሸክላዎች ስለ ነበሩ የመርፌው ጭረት ጭምር በሲዲው ላይ ይሰማል። ሸክላው ባይቀመጥ ኖሮ ሲዲው ምን ይናገር ነበር?

ይህ ጥያቄ ወደ ወላይታ ይወስደናል። ከሶዶ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በቦምቤ የሚኖር ሰው የአባቶቹን ዘፈን በሲዲ ላገኘው ቢል፥ ተገልብጦ የሚቀርብለት ሸክላ ከመነሻው የለውም ማለት ይቻላል። ነገሩ የገንዘብና የመብራት እጦት ብቻ አልነበረም፤ የዘፈኑም ጠባይ ከሸክላው ልክ አይገጥምም። በመስከረም ወር በሚከበረው በጊፋታ በዓል አንዱ ሲያወጣ ብዙኃኑ እየተቀበለ፥ ከጭፈራ ጋር የሚዘልቀው ዘፈን በ3 ደቂቃ ተቈርጦ ቢቀዳ ከመሞቁ በፊት ያልቃል። ረጅሙ ሸክላ ለዚህ የተሻለ እንደ ነበረ ከወላይታ በስተ ደቡብ ያለው የጋሞ ደጋ ምስክር ነው፤ የዶርዜዎች የኅብር ዜማ በፈረንሳዊው ሊቅ በበርናር ሎርታ ዣኮብ ተቀድቶ በ1977 በረጅም ሸክላ ታትሟል። ነገር ግን ያ ሸክላ በዋነኛነት የተሰናዳው ለውጭ አገር አድማጭ ነበረ።

በገጠሩ ቤት ትልቁን ለውጥ ያመጣው ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴት ነው። በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ 60 ወይም 90 ደቂቃ ይይዛል፤ ከሁሉም በላይ ባለቤቱ ራሱ ይቀዳበታል። ሸክላም ሆነ ሲዲ በተራ ቤት ማድመጫ ብቻ ሆኖ ሲገባ ካሴት መቅጃም ሆኖ ገባ። ሠርጉ፥ ለቅሶው፥ በዓሉ የሚቀዳበት መንገድ በየመንደሩ ተከፈተ። ለወላይታ እንደ ሸክላ ሊቈጠር የሚገባው እንግዲህ በሶዶና በቦምቤ ሣጥን ውስጥ ያለው ካሴት ነው።

ካሴት እንደ ተናቀ አይቀርም፤ ለዚህም ማስረጃ አለን። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያወጡት ሥራ በባሕር ዳር ከተገኘ ካሴት ተነሥቶ በ2013 በአሜሪካ በሸክላም በሲዲም እንደገና ታትሟል። ነገር ግን ካሴት መግነጢሳዊ ክር ነው፤ ይደርቃል፥ ይሻግታል፥ ድምፁም እያደር ይደክማል። እንግዲህ የተማሪዎቻችን ተግባር ሁለት ነው፤ አንደኛ፥ በቤተ ሰብ እጅ ያለውን ካሴት ሳይዘገይ በቍጥር መገልበጥና የዘፋኙን፥ የቦታውን፥ የቀኑን ስም አብሮ መጻፍ፤ ሁለተኛ፥ ግልባጩ ከተገኘ በኋላ ዋናውን አለመጣል። የተሰማ እሸቴ ድምፅ እኛ ዘንድ የደረሰው ዲስኩ የማይሰበር ስለ ነበረ አይደለም፤ ያልጣለው ሰው ስለ ነበረ ነው።