የክላውድ ሂሳብ ሶፍትዌርን የማሻሻል ፈቃድ፦ የሕጉ ወሰንና የላፍቶ የንግድ አሠራር

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋና መካኒሳ እስከ ጀሞና ለቡ ባለው የንግድ ቀጠና፣ የሂሳብ ሠራተኛ ሲፈለግ «ፒችትሪ የሚችል» የሚለው መስፈርት ለረጅም ዓመታት የተለመደ ነበር። ፒችትሪ መነሻው አሜሪካ የሆነ፣ ኋላም በእንግሊዙ ሴጅ ኩባንያ እጅ ገብቶ ሴጅ 50 የተባለ፣ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የሂሳብ አያያዝ ፕሮግራም ነው። ነጋዴው ቅጂውን ገዝቶም ይሁን፣ እንደሚታወቀው፣ ከሰው አስቀድቶ፣ ፕሮግራሙ በራሱ ማሽን ላይ ስለሚቀመጥ «ማን እንዲነካው ተፈቅዶለታል?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሳም ነበር። ክላውድ ማለትም ፕሮግራሙና መረጃው በአቅራቢው ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ተጠቃሚው በኢንተርኔት ብቻ የሚደርስባቸው አሠራር ሲመጣ ግን ጥያቄው የግድ ተነሳ፤ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም በክላውድ ዘመን የሶፍትዌር አልሚውን እጅ የሚፈታው ወይም የሚያስረው ከመንግሥት ከሚሰጠው ፈቃድ ይልቅ የውል ቃል ነው የሚል ነው።

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮ፣ አንድን ሥራ አሻሽሎ ሌላ መልክ መስጠትን የባለመብቱ ሥልጣን ያደርገዋል። ይሁንና የፕሮግራም ቅጂን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ቅጂውን ለተገዛበት ዓላማ ለመጠቀም አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ እንዲያስማማው አዋጁ በልዩ ሁኔታ ይፈቅዳል። ይህ በር የተከፈተው ግን «የቅጂ ባለቤት» ለሆነ ሰው ነው። የክላውድ ደንበኛ በወር ወይም በዓመት ክፍያ የመጠቀም መብት ብቻ የሚያገኝ፣ ቅጂ የሚባል ነገር በእጁ የሌለው በመሆኑ፣ በዚህ በር መግባቱ እጅግ አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ለአልሚው ሊያስተላልፈው የሚችለው መብት እርሱ ራሱ በውል ካገኘው የሚበልጥ አይሆንም፤ ውሉም ብዙውን ጊዜ በውጭ አገር በእንግሊዝኛ የተረቀቀና «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ተጭኖ የታለፈ ነው።

እዚህ ላይ በማዋቀርና ኮድ በመቀየር መካከል ያለው ልዩነት መታየት አለበት። ማዋቀር ሲባል አቅራቢው ራሱ ክፍት በተዋቸው ሠንጠረዦችና ምርጫዎች መሥራት ሲሆን፣ ኮድ መቀየር ግን ፕሮግራሙ ያልነበረውን ባሕርይ እንዲይዝ አዲስ መመሪያ መጻፍ ነው። የገቢ ግብር ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነውን ወርሃዊ ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲያደርግ፣ የደመወዝ ሶፍትዌር የሚጠቀም ድርጅት ሁሉ የግብር እርከኖቹን መለወጥ ነበረበት፤ እርከኖቹ በሠንጠረዥ በተያዙበት ሶፍትዌር ሥራውን የሂሳብ ሠራተኛው ራሱ ይጨርሰዋል፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጳጉሜን ግን በሠንጠረዥ አትገባም። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚሄድ፣ በመካከሉም የ5 ወይም የ6 ቀን ወር ያለበት በመሆኑ፣ ዓመትን በ12 የፈረንጅ ወራት ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ከዚህ ጋር እንዲስማማ ኮድ መጻፍ የግድ ይሆናል። የፈቃድ ጥያቄ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አቅራቢዎች ለጥያቄው የሚሰጡት መልስ እጅግ የተራራቀ ነው። በአዲስ አበባ አልሚዎች ዘንድ የታወቀው ኦዱ የተባለ የሂሳብና የንግድ ሥራ ሶፍትዌር ሁለት መልክ አለው። የማኅበረሰብ እትሙ ኤልጂፒኤል ሥሪት 3 በተባለ የክፍት ምንጭ ፈቃድ የተለቀቀ በመሆኑ፣ ማንም የምንጭ ኮዱን አንብቦ ሊያሻሽለውና ለብቻው የቆመ ሞጁል ማለትም ተጨማሪ ክፍል ሠርቶ በራሱ ፈቃድ ሊሸጠው ይችላል። የኢንተርፕራይዝ እትሙን ማሻሻል የሚቻለው ግን ለትክክለኛው የተጠቃሚ ቁጥር ክፍያው እስከተፈጸመ ድረስ ሲሆን፣ የተሻሻለውን ኮድ ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው፤ ኩባንያው ራሱ በሚያስተናግደው ኦዱ ኦንላይን ላይ ደግሞ በኮድ የተሠራ የውጭ ሞጁል መጫን ከነጭራሹ አይቻልም። ኢአርፒኔክስት የተባለው ሌላ ሶፍትዌር ጂፒኤል ሥሪት 3 በተባለ የክፍት ምንጭ ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ በዚህ ፈቃድ የምንጭ ኮድ የመስጠት ግዴታ የሚመጣው ፕሮግራሙ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ስለሆነ፣ አልሚው በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ቢያከራየው ኮዱን ለመስጠት አይገደድም፣ ሰርቨሩን ከነፕሮግራሙ ለደንበኛው ሲያስረክብ ግን ይገደዳል። የማይክሮሶፍት ቢዝነስ ሴንትራል በበኩሉ ለሙከራ በተከለለ አካባቢ ማንም አልሚ ማሻሻያ እንዲጽፍ ይፈቅዳል፤ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ለሚሠራ ማሻሻያ ከ50,000 እስከ 99,999 ያሉትን መለያ ቁጥሮች ክፍት ትቶ፣ በኩባንያው የገበያ መድረክ ለሚሸጥ ምርት ግን በስም የተመዘገበ የቁጥር ክልል ይጠይቃል።

የመንግሥት ፈቃድ ድርሻ ከዚህ አንጻር ጠባብ ነው። አልሚው እንደማንኛውም ነጋዴ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብና የንግድ ሥራ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ግን የሚቆጣጠረው የሒሳብ ባለሙያውንና ኦዲተሩን እንጂ መዝገቡን የሚሸከመውን ሶፍትዌር የጻፈውን ሰው አይደለም። ጠንከር ያለው ቁጥጥር ያለው በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ላይ ነው። ደንብ ቁጥር 139/1999 በተለምዶ ካሽ ሬጂስተር የሚባለውን መሣሪያና በኮምፒውተር የሚሠራውን የሽያጭ ሶፍትዌር በግብር ባለሥልጣኑ ዕውቅና ሥር አድርጓል። በጀሞ ያለ የግንባታ ዕቃ መደብር የክላውድ ሂሳቡን ከደረሰኝ ማተሚያው ጋር እንዲያገናኝለት አልሚ ሲቀጥር፣ አልሚው ሳያስበው ከነፃው ክልል ወጥቶ ዕውቅና ወደሚጠይቀው ክልል ይሻገራል፤ የክምችትና የደመወዝ ሞጁሉን እንደልቡ ሲቀይር የቆየ ሰው ደረሰኝ የሚወጣበትን ክፍል በዚያው ነፃነት ሊነካው አይችልም።

መዝገቡ የሚቀመጥበት ቦታም የራሱን ገደብ ያመጣል። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን፣ በኤሌክትሮኒክ የተያዙትንም ጨምሮ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲይዝ ያዛል። ሰርቨሩ አውሮፓ ላለ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአገር ውስጥ የመረጃ ማዕከል ማስተናገድ አንዱ መውጫ ሲሆን፣ ርካሹ መንገድ ግን አልሚው የመዝገቡ ሙሉ ቅጂ በየጊዜው ወደ ነጋዴው ቢሮ እንዲወርድ ማድረጉ ነው፤ ይህ የሕጉን ቃል በበቂ ሁኔታ ያሟላ እንደሆነ ለክርክር ክፍት ቢሆንም፣ ግብር መርማሪ ሲመጣ የኢንተርኔት መቋረጥን ምክንያት ከማድረግ ያድናል። የሠራተኞች ስምና ደመወዝ በመዝገቡ ውስጥ ስላሉም፣ መረጃን ከአገር ማውጣትን በቅድመ ሁኔታ የሚገድበው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እዚህ ላይ ይጨመራል።

ብዙ አልሚዎች የማያዩት ችግር ግን ከውጭ ኩባንያም ሆነ ከመንግሥት የሚመጣ ሳይሆን ከደንበኛቸው ጋር ካላቸው ግንኙነት የሚመነጭ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራን ሥራ የመጀመሪያ ባለመብት የሚያደርገው ቀጣሪውን ወይም አዛዡን ነው። እንግዲህ አንድ አልሚ በቃል ስምምነት ለጀሞው መደብር የቅድመ ግብር ተቀናሽ ደረሰኝ የሚያዘጋጅ ሞጁል ሠርቶ፣ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ሞጁል ለለቡ የቤት ዕቃ አምራች ቢሸጥ፣ የኦዱ ፈቃድ ሙሉ በሙሉ ቢፈቅድለትም በአገሩ ሕግ የጀሞውን ነጋዴ ንብረት ሸጧል የሚል ክስ ሊቀርብበት ይችላል። ክፍት ምንጭ መሆኑ የሚያስተካክለው ከኦዱ ኩባንያ ጋር ያለውን ግንኙነት ብቻ ነው። አልሚው ሞጁሉን ለራሱ አስቀርቶ ለደንበኛው የመጠቀም መብት ብቻ እንደሰጠ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ሰፍሮ በሁለቱም ወገን ከተፈረመ ክሱ መሠረት ያጣል፤ አንቀጹ ከሌለ ግን ለለቡ የተጻፈው የዋጋ ማቅረቢያ ራሱ በአልሚው ላይ ማስረጃ ይሆናል።