ለቤት የተለቀቀ መንገድ

የደብረ ማርቆስ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ከመሐንዲስ እጅ የወጡ አይደሉም። ከተማዋ በ1845 ዓ.ም. ገደማ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ስትቆረቆር መንቆረር ትባል ነበር። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተባሉ በኋላ የጎጃም መናገሻ ሆነች፤ ስሟንም ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወሰደች። እንደ ዘመኑ ከተሞች ሁሉ ግቢውና ደብሩ አስቀድመው ቦታቸውን ያዙ፤ መኳንንቱ በዙሪያው፣ ወታደሩና ባለሙያው ደግሞ በየአለቃው ሥር ሰፈረ። መንገድ የሚባለው ከአጥር እስከ አጥር የተረፈው ነበር፦ ወደ ገበያ፣ ወደ ደብሩ ወይም ቁልቁል ወደ ወንዝ የሚያደርስ፣ የተጫነ በቅሎ ካሳለፈ የሚበቃ ቀጭን መንገድ። አጥሩን የገፋ ሰው መንገዱን ያጠበዋል፤ ጎረቤት ከተከፋ ነገሩን ሽማግሌ ያየዋል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ የመጣው የመኪና መንገድ ይህን ልማድ ለሁለት ከፈለው። ዋናው ጎዳና የመንግሥት ሆነ፤ ጉራንጉሩ የሰፈሩ ሆኖ ቀረ።

ጉራንጉሩን በሕግ ዓይን የሕዝብ ያደረገው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ በአንቀጽ 1446 ጎዳናንና መንገድን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች ይቆጥራል። በአንቀጽ 1454 ደግሞ እንዲህ ያለ ንብረት ከሕዝብ አገልግሎት መውጣቱ አስቀድሞ ካልተገለጸ በቀር ለሌላ ሊተላለፍ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ብዙ ዘመን ይዤዋለሁ የሚል ጎረቤትም በይርጋ ባለቤት አይሆንበትም። አንድ ማዘጋጃ ቤት መንገድ ዘግቶ ቤት ማሠራት ቢፈልግ፣ መጀመሪያ የመንገዱን መንገድነት ማስቀረት ነበረበት። በሌላው ዓለምም ሥርዓቱ ከዚህ አይርቅም። በአሜሪካ ከተሞች ምክር ቤቱ ስብሰባ ጠርቶ፣ ተቃውሞ ሰምቶ መንገዱን ይለቃል፤ መሬቱም ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ ላሉት ባለይዞታዎች እኩል ይከፈላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ግን ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። የከተማ ቦታ በሙሉ፣ ትርፍ ቤትም ጭምር የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ተፈቀደ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ገቡ። የአዋጁ ጸሐፊዎች ያሰቡት ስለ አከራይና ተከራይ እንጂ ስለ መንገድ አልነበረም። ሆኖም ከአጥሩ ውስጥም ከአጥሩ ውጭም ያለው መሬት የአንድ ባለቤት ከሆነ፣ መንገድ የሚሸጥለትም የሚካፈለውም ጎረቤት የለም። ከዚያ ወዲህ መንገድን ለመልቀቅ የሚያስፈልገው የውል ወረቀት ሳይሆን የፕላን መሥመር ሆነ።

ያንን መሥመር የሚያሰምረው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። መዋቅራዊ ፕላኑ የዋና ዋና መንገዶችን መረብ ይወስናል፤ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ደግሞ እስከ ሰፈር ይወርዳል። ጉራንጉር የሚቀረውም የሚጠፋውም በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ፣ ጥቂት ቆይቶም ወደ ክልል ከተሞች የተዘረጋው፣ መጀመሪያ የያዘው በአመዛኙ ባዶ ቦታ ነበር። መሀል ከተማ ሲገባ ግን ከመንገድ ጋር ተጋጨ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ በልደታ አካባቢ ሰንጋ ተራ፣ በአራት ኪሎም ባሻ ወልዴ ችሎት ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተተከለባቸው። አራትና ከዚያ በላይ ፎቅ ያለው ሕንፃ ሰፊ መሠረት፣ በዙሪያውም ክፍት ቦታ ይሻል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈውን መተላለፊያ እየተከተለ ሊጠማዘዝ አይችልም። ስለዚህ ጥቃቅኖቹ መንገዶች ለሕንፃው ተለቀቁ፣ በምትካቸው ጥቂት ሰፋፊ መንገዶች ወጡ።

የጠፋው መተላለፊያ ብቻ አልነበረም። ለቅሶ ሲደርስ የእድር ድንኳን የሚተከለው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ጉሊት የሚዘረጋው እዚያው ነበር። የኮንዶሚኒየም ነዳፊዎች ይህ ፈጽሞ አልጠፋቸውም፤ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው ጨምረዋል። ድንኳኑ ግን አሁን ብዙ ጊዜ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል።

ካሳውም የተሠራው ለግለሰብ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ባለይዞታው ላሠራው ቤትና ለተከለው ተክል ይከፍል ነበር፤ መሬቱ ራሱ ግን ዋጋ አይወጣለትም። የቀበሌ ቤት ተከራይ የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ የሚሰጠው ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ነው፤ ቅድመ ክፍያውን ያላገኘ ከሁለተኛው ይቀራል። ለመንገዱ የሚጠይቅለት የለም፤ መንገዱ ዳር ሽንኩርት ስትቸረችር የኖረችው ሴትም ይዞታ ስለሌላት በዝርዝሩ አትገባም። አዋጁን በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለተነሺዎች ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሳ ጨምሯል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ እንዲተመን በሕግ የታወቀው በዚህ ነው፤ የሚከፈለው ግን አሁንም ለመንገዱ ሰዎች በጅምላ ሳይሆን ለየባለይዞታው በየስሙ ነው።