የኬዲቩ ብድርና የፈላሁ ዕዳ

እኛ ተማሪዎች ጉንደትንና ጉራዕን ስናነሣ ዘወትር የምናወራው ስለ ጎራዴውና ስለ ጀግናው ነው። «ለመሆኑ ያ የግብፅ ጦር የመጣው በማን ገንዘብ ነበር?» ብለን ግን እምብዛም አንጠይቅም። መልሱ የሚገኘው በጦር ሜዳ ሳይሆን በለንደንና በፓሪስ የገንዘብ ገበያ ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጥጥ ነው። በ1861 አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ፤ የግብፅ ጥጥ ዋጋም ሰማይ ነካ። ፈላሁ፣ ማለትም የግብፅ ገበሬ፣ ለጥጥ ብሎ ለመጪው ምርት ከመንደር አራጣ አበዳሪ ተበደረ። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ዋጋው ወረደ፤ ዕዳው ግን እንደነበረ ቀረ። የጥጡ ዋጋ የሚቆረጠው እሱ በማያውቀው አገር ነበርና ለፈላሁ ዕዳ ከሜዳ ሆነበት።

ቤተ መንግሥቱም ከዚህ አልተሻለም። የመጀመሪያው የውጭ ብድር የተፈረመው በ1862 ነው። በ1863 ሥልጣን የያዘው ኬዲቭ ኢስማኤል ደግሞ ለባቡር ሐዲድ፣ ለመስኖ፣ ለቤተ መንግሥትና ለጦር እያለ ብድር በብድር ላይ ደረበ። የገበያው ዘዴ እንዲህ ነው፤ በ1873 በወረቀት ላይ የሰፈረው ብድር 32 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ግብፅ እጅ የገባው 21 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ቀሪው በቅናሽና በኮሚሽን የባንኮችና የደላሎች ሲሳይ ሆነ። ወለዱ ግን የሚታሰበው በ32ቱ ላይ ነው! አሮጌውን ዕዳ ለመክፈል አዲስ መበደር ማለት ይኸው ነው።

በኦክቶበር 1875 የቱርክ መንግሥት የወለዱን ግማሽ አልከፍልም ሲል ገበያው ደነገጠ፤ ለግብፅም በሩን ዘጋ። በሚቀጥለው ወር፣ በኖቬምበር፣ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ደረሱ። የኬዲቩ ጦር ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ኬዲቩ የስዊዝ ካናል አክሲዮኑን ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ። በማርች 1876 ጉራዕ ላይ ሁለተኛ ጦሩ ተሰበረ፤ በኤፕሪል ክፍያ አቆመ፤ በሜይ የአውሮፓ አበዳሪዎች ተወካዮች የሚመሩት የዕዳ ሣጥን ካይሮ ላይ ተቋቋመ። ብድሩ ሁሉ የጦርነት ነው አንልም፤ ነገር ግን ባዶ ካዝና ላይ ሽንፈት ምን እንደሚጨምር ግልጽ ነው።

ታዲያ ከፋዩ ማን ሆነ? በ1877 መንግሥት ከሰበሰበው 9 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ፓውንድ ውስጥ 7 ሚሊዮን ተኩል ያህሉ ለአበዳሪ ሄደ። የወለዱ ቀን አዝመራ አይጠብቅም። ግብር ሰብሳቢው ኩርባጁን ይዞ ሲመጣ ፈላሁ ገና ያልታጨደ እህሉን ለአራጣ አበዳሪ በርካሽ ሸጠ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ የላይኛው ግብፅ ሰው በረሃብ አለቀ። በዚሁ ዘመን ሥራ የጀመረው የድብልቅ ፍርድ ቤት ደግሞ ለውጭ አበዳሪ መሬት በዕዳ የሚወስድበትን መንገድ ከፈተለት። የመንግሥት ዕዳ የቤት ዕዳ የሆነው እንዲህ ነው።

ሌላውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ኬዲቩ በ1879 ተሻረ፣ የኡራቢ አመፅ ተነሣ፣ እንግሊዝ በ1882 ግብፅን ያዘች። በ1912 ከአምስት ፈዳን የማይበልጥ መሬት በዕዳ እንዳይወሰድ ታወጀ። መልካም ነው፤ ግን መያዣ የሌለው ገበሬ ባንክ ስለማያበድረው ተመልሶ ወደ መንደሩ አራጣ አበዳሪ ሄደ። የዕዳ ሣጥኑ ራሱ የተዘጋው በ1940 ነው፤ ኬዲቩ ከሞተ 45 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን የምንጽፈው በግብፅ ለመሳለቅ አይደለም። አገራችንም በ2014 በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣ፣ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። ዘመኑም ሕጉም ሌላ ነው፤ ጦር መርከብ ይመጣል አንልም። ብድር ሁሉ ክፉ ነውም አንልም፤ መስኖውና ሐዲዱ ለግብፅ ጠቅመዋል። ጥያቄያችን ግን ያው ነው፤ ሲፈረም እጅ የገባው ስንት ነው? በምን ላይ ዋለ? የመክፈያው ቀን ሲደርስስ የማን ጎተራ ይከፈታል? እነዚህን ሳንጠይቅ ጉራዕን ብቻ ብንዘክር ታሪክን ግማሹን አነበብን ማለት ነው።