የልጅ ዕድሜና የፋብሪካ ሕግ



ሕግ አውጪ ተነሥቶ «ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በፋብሪካ አይሠራም» ብሎ ሲያውጅ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ወዲያው አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸውም ልጁ 9 ዓመት እንደ ሞላው በምን ይታወቃል? የሚለው ነው። በእንግሊዝ አገር ይህ ጥያቄ ሕጉን ራሱን ከማውጣት ያላነሰ ድካም አስከትሏል። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው። የእንግሊዝን ነገር በምናወሳበት ጊዜ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ18ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ በወንዝ ዳር የተተከሉት የጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች ሠራተኛ አጥተው ነበር። ስለዚህ አሳዳጊ የሌላቸውን ልጆች ከለንደንና ከሌሎችም ከተሞች የድኾች መጠለያ እያስመጡ ለብዙ ዓመታት በሚጸና ውል ያሠሯቸው ጀመር። ለእነዚህ ልጆች በ1802 የመጀመሪያውን ሕግ ለፓርላማ ያቀረቡት ሰር ሮበርት ፒል፥ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የሮበርት ፒል አባት፥ ራሳቸው ባለፋብሪካ ነበሩ። ሕጉ የሥራውን ቀን በ12 ሰዓት ወሰነ፤ ንባብና ጽሕፈት እንዲማሩ፥ የፋብሪካው ግድግዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ኖራ እንዲቀባ፥ በአንድ አልጋም ከሁለት ልጅ በላይ እንዳይተኛ አዘዘ። ቍጥጥሩን የተረከቡት ግን የአገሩ ዳኛና ቄስ ናቸው። ከፋብሪካው ጋር የጥቅም ግንኙነት እንዳይኖራቸው ቢደነገግም፥ የባለፋብሪካው ጎረቤቶች መሆናቸውን የሚከለክል ድንጋጌ ሊኖር አይችልም። ሕጉ በወረቀት ላይ ቀረ። በ1819 የወጣውም ሕግ ከ9 ዓመት በታች የሆኑትን ልጆች ከጥጥ ፋብሪካ ቢከለክልም፥ ተቈጣጣሪ አልነበረውምና ዕጣው ከፊተኛው አልተሻለም።

በ1832 በሚካኤል ሳድለር የሚመራው የፓርላማ ኮሚቴ ሠራተኞችን እያስጠራ ቃላቸውን ተቀበለ። ኤልሳቤጥ ቤንትሊ የተባለች የሊድስ ከተማ ሴት በ6 ዓመቷ በተልባ ቃጫ መፍተያ ፋብሪካ ሥራ እንደ ጀመረች ገለጠች። ሥራዋ ክር የሞላባቸውን ማጠንጠኛዎች ማውረድና ባዶዎቹን መተካት ነበር። ሥራ በሚበዛበት ወራት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትቆማለች፤ ለምሳ የሚሰጣት 40 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የዘገየ ልጅም በጠፍር ይገረፋል።

ከዚህ በኋላ የ1833ቱ ሕግ ወጣ። ከሐር ፋብሪካ በቀር በሌሎቹ የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይሠራ፥ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያለው በቀን ከ9 ሰዓት፥ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለውም ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደነገገ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት ሁሉ ሥራ ተከለከለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መንግሥት ደመወዝ የሚከፍላቸው አራት ተቈጣጣሪዎች መሾማቸው ነው። ከነዚህም አንዱ በሥነ ምድር ዕውቀታቸው የታወቁት ስኮትላንዳዊው ሌናርድ ሆርነር ሲሆኑ፥ እስከ 1859 ድረስ በዚሁ ሥራ ቆዩ።

እንግዲህ ተቈጣጣሪው በፋብሪካው በር ገብቶ በልጆቹ መካከል ሲቆም ችግሩ ተገለጠ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የመንግሥት የልደት መዝገብ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብ ቢኖርም ሁሉን ልጅ አያጠቃልልም። አባትና እናት የልጃቸውን ደመወዝ ይፈልጋሉና ዕድሜውን ከፍ አድርገው ይናገራሉ። እነሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ያለ ልጁ ደመወዝ እንጀራ የማይሞላበትን ቤት ግን ሕጉ በሌላ ነገር አልደጐመውም። ሕጉ የመረጠው መንገድ ሐኪም ልጁን አይቶ የ9 ዓመት ልጅ የሚኖረው ጕልበትና መልክ እንዳለው እንዲመሰክር ነበር። ስለዚህ የተመሰከረው ዕድሜ ሳይሆን መልክ ሆነ።

ቀጥሎ በቁመት መለካት ተሞከረ። ይህ ደግሞ የባሰ ግፍ ነበረበት፤ በረኀብ የቀጨጨው ትልቅ ልጅ ትንሽ ተብሎ ሲመለስ፥ ጠግቦ ያደገው ትንሽ ልጅ ትልቅ ተብሎ ይገባልና። በ1837 ኤድዊን ሳውንደርስ የተባሉ የጥርስ ሐኪም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ልጆችን መርምረው፥ ጥርስ ከቁመት ይልቅ የታመነ የዕድሜ ምስክር መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ ለፓርላማ አቀረቡ። ሁለተኛው ቋሚ መንጋጋ የሚበቅለው በ12 ወይም በ13 ዓመት ገደማ ስለ ሆነ፥ የልጁን አፍ ከፍቶ ማየት ይበቃል ማለታቸው ነው። የፈረስ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይደነቅም ሳያዝንም አይቀርም።

በዚያው በ1837 ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት የልደት ምዝገባ ተጀመረ። በዚያ ዓመት ተወልደው የተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ልጆች 9 ዓመት የሞላቸው በ1846፥ 13 ዓመት የሞላቸውም በ1850 ነው። ወላጅ ልጁን ሳያስመዘግብ ቢቀር የሚቀጣው ደግሞ ከ1874ቱ ሕግ ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሙ በዓይኑ ሲገምት ኖረ።

ባለፋብሪካዎቹም ዝም አላሉም። በ1837 የኤኮኖሚ ሊቅ የሆኑት ናሶ ሲኒየር የፋብሪካ ትርፍ ሁሉ የሚገኘው ከመጨረሻው የሥራ ሰዓት ነው ብለው ጽፈው ነበር፤ ነገር ግን በ1847 ለሴቶችና ለወጣቶች የ10 ሰዓት ሕግ ሲወጣ ፋብሪካዎቹ አልተዘጉም። ከዚያ በፊት በ1844 የወጣው ሕግ ደግሞ የሥራ ሰዓት የሚቈጠረው ሰው ሁሉ በሚያየው ሰዓት እንዲሆን ማዘዙ የፋብሪካው ሰዓት ምን ይሠራ እንደ ነበረ ያስታውቃል። ይኸው ሕግ የሚሽከረከረው መኪና እንዲታጠር ሲያዝዝ፥ ዝቅተኛውን ዕድሜ ግን ወደ 8 ዓመት መለሰው፤ ለልጆቹም ግማሽ ቀን ሥራ፥ ግማሽ ቀን ትምህርት ደነገገ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ እንዲቀር የታዘዘው በ1918 በወጣው የትምህርት ሕግ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ (ከዚህ በኋላ ያለው አቈጣጠር የራሳችን ነው)፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ በዝርዝር ጽፎ ነበር። ነገር ግን ይህ ክፍል በሌላ ትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ እንዳይሠራበት በዚያው ሕግ ተወስኖ ብዙ ዓመታት አለፉ። የወሳኝ ኵነቶች ምዝገባ ዐዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። በሌላ በኩል የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ 14 ያደረገውን ዝቅተኛ የቅጥር ዕድሜ፥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1156 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሥራ ላይ እንዳይውል ደንግጓል።

ስለዚህ ቀጣሪው «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚጸናው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ባለው መዝገብ ነው። ምዝገባው በተጀመረበት በ2008 ዓ.ም. ተወልደው ወዲያው የተመዘገቡት ልጆች 15 ዓመት የሚሞላቸው በ2023 ዓ.ም. ነው።